ሁለት ያረጁ ውሾችና አንዲት አሮጊት ድመት ባሉበት ቤት የቦርደር ኮሊ ቡችላ ማምጣት ይገባል?

የዳማ አሳዳጊ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ለወራት ሳወጣና ሳወርደው የቆየሁትን አንድ ጉዳይ ብቻዬን መቋጨት ስላቃተኝ፣ በዕድሜ የገፉ እንስሳት እያሏችሁ አዲስ ውሻ የጨመራችሁ ሰዎች ያያችሁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በቤታችን ሦስት እንስሳት አሉ። ዳማ የ13 ዓመት ላብራዶር ናት። የኋላ እግሮቿን የመገጣጠሚያ ብግነት ስለያዛት ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሣ ጥቂት እርምጃ እያነከሰች ከሄደች በኋላ ነው ሰውነቷ የሚፍታታላት፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ጆሮዋ ስለከበደ ቀና የምትለው ስሟን ስንጠራ ሳይሆን ወለሉን በእግራችን መታ መታ ስናደርግ ነው። መከታ የ9 ዓመት ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ሲሆን ገና ብርቱ ነው፤ ሆኖም አፍንጫው ዙሪያ ሽበት አውጥቷል፣ ረጅም መንገድ የተጓዘ ዕለትም ማግስቱን ተኝቶ ይውላል። ሐር የምንላት ድመት 15 ዓመቷ ነው፤ ኩላሊቷ ስለደከመ በሐኪም የታዘዘላትን ምግብ ብቻ ትበላለች፣ ቀኑንም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተኝታ ታሳልፋለች። ሁለቱም ውሾች ከቡችላነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉ ባይሆኑም፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ በአንድ ምንጣፍ ላይ መተኛት ከጀመሩ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል።

ከልጅነቴ ጀምሮ ቦርደር ኮሊ ለማሳደግ እመኝ ነበር። የዚህን ዝርያ ንቃት፣ ትእዛዝን ከሰው ዓይን ላይ የማንበብ ችሎታውንና ለሥራ ያለውን ፍቅር ባየሁ ቁጥር ልቤ ወደ እርሱ ይሄዳል። አሁን አንድ የማውቃቸው አራቢ ውሻቸው ስለወለደች፣ ቡችሎቹ 8 ሳምንት ሲሞላቸው አንዷን ሴት ሊሰጡኝ ፈቃደኛ ሆነዋል። መልሴን የሚጠብቁት እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ነው።

የቤተሰቡ አሳብ ለሁለት ተከፍሏል። ባለቤቴ ዳማ የቀራትን ጊዜ በሰላም ማሳለፍ ይገባታል ትላለች። የ12 ዓመቱ ልጃችን ግን ዳማ ከመሞቷ በፊት ቡችላዋ ከመጣች መከታ ብቻውን አይቀርም ብሎ አጥብቆ ይከራከራል፤ እኔንም ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸው የመከታ ብቸኝነት ነው። በተጨማሪም ቡችላ ያረጀን ውሻ መልሶ ወጣት ያደርጋል ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ይህ እውነት ይሁን ወይም የሚመኙት ሰዎች የሚያወሩት ይሁን ለመለየት አልቻልኩም። ዝርያውን መለወጥ፣ ዕድሜውን መለወጥ ወይስ ጭራሹን መተው ይሻል እንደሆነ ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

በእረኛ ውሻ የተማረ

ውድ ጠያቂ፣ የእርስዎን ጥያቄ ሳነብ ከስድስት ዓመት በፊት የነበረውን ራሴን ያነበብኩ ያህል ተሰማኝ። እኔም የ12 ዓመት ውሻ እያለኝ የቦርደር ኮሊ ቡችላ አመጣሁ። ቡችላዋ ዛሬ በጣም የምወዳት፣ የምኮራባትም ውሻ ናት፤ ያን ጊዜ ለሽማግሌው ውሻዬ ያደረግሁትን ግን ዳግመኛ አላደርገውም።

ዝርያው ለምን እንደተፈጠረ ማወቅ እዚህ ላይ ከመልኩና ከዝናው ሁሉ ይበልጣል። ቦርደር ኮሊ በስኮትላንድና በእንግሊዝ ወሰን ላይ ባሉ ኮረብታዎች በግ ለማገድ የወጣ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የተወለደው ኦልድ ሄምፕ የሚባለው ውሻ የዝርያው አባት ተደርጎ የሚቆጠረው በጩኸትና በንክሻ ሳይሆን በዝምታና በዓይኑ ኃይል በጎችን ስለሚነዳ ነበር፤ ዛሬ ያሉት ቦርደር ኮሊዎች በአብዛኛው የዘር ሐረጋቸው ወደ እርሱ ይመለሳል። አንገትን ዝቅ አድርጎ፣ አካልን መሬት አስጠግቶ፣ ዓይንን ሳይነቅሉ ማፍጠጥ ለዚህ ዝርያ በደም የመጣ ሥራ ነው። በጎች በሌሉበት ቤት ውስጥ ይህ ሥራ የሚያርፈው በሚንቀሳቀስ ማናቸውም ነገር ላይ ነው፤ በልጅ፣ በብስክሌት፣ በድመት፣ ቀስ ብሎ ወደ ውኃው በሚሄድ አሮጌ ውሻም ላይ።

በውሾች ዘንድ ማፍጠጥ ዛቻ ነው። ጤነኛ ወጣት ውሻ ቢፈጠጥበት ፊቱን ያዞራል ወይም ተነሥቶ ይሄዳል፤ ዳሌው የሚያመው ውሻ ግን ተነሥቶ መሄዱ ራሱ ዋጋ ያስከፍለዋል። የእኔው ሽማግሌ ምን እንዳደረገ ልንገርዎ። ከበር ኋላ መተኛት ጀመረ። እኔ ቦታ የለወጠው ስለሚቀዘቅዝለት መስሎኝ ነበር። ቡችላዋ ነቅታ ሳለች ወደ ውኃ ዕቃው እንደማይቀርብ፣ እርሷ ስትተኛ ብቻ ቀስ ብሎ ወጥቶ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ እንደሚጠጣ ያስተዋልኩት በአራተኛው ሳምንት ነው። አንድም ጊዜ አልተጣሉም፤ አንድም ጊዜ አላጉረመረመም። ጠብ ስላልነበረ ሰላም አለ ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱን በመከለያ በር ለሁለት ከፈልነው። ቡችላዋን በቀን ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ እያወጣሁ፣ በመካከሉ አፍንጫዋን የሚያሠራ ጨዋታ እየሰጠሁ፣ ከሽማግሌው ጋር የምትገናኘው ደክማ በተረጋጋችበት ሰዓትና በገመድ ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። ይህ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀጠለ፤ ምክንያቱም ይህ ዝርያ ልቡ የሚረጋው ሁለት ዓመት አካባቢ ሲሞላው ነው። የእኔ ሽማግሌ ያንን ቀን ሳያይ ሞተ። የመጨረሻውን ዓመቱን በመከለያ ወዲያ ማዶ አሳለፈ ማለት ነው፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ ዝርያው ግሩም ነው፣ ጊዜው ግን አይደለም። ምኞትዎ ቢዘገይ አይጠፋም፤ ቦርደር ኮሊ ከ12 እስከ 15 ዓመት አብሮዎት የሚኖር ፍጡር ስለሆነ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ቢመጣ ምንም አይጎድልበትም።

የትናንሽ እንስሳት ሐኪም

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው። እኔ በሥራዬ በየጊዜው የማየውን ልጨምር።

በመጀመሪያ ደረጃ መመለስ ያለበት ጥያቄ ዳማ አዲሷን ትቀበላለች ወይ የሚለው አይደለም፤ ዳማ አሁን ምን ያህል ያማታል የሚለው ነው። ጠዋት እያነከሰች ተነሥታ ከጥቂት እርምጃ በኋላ የምትፍታታ ውሻ በግልጽ የምታሳየው የመገጣጠሚያ ሕመም ምልክት ነው፤ ውሾች ደግሞ ሕመማቸውን በጩኸት ስለማይናገሩ ባለቤቶች «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል። እርጅና በራሱ በሽታ አይደለም፤ ሕመሙ ግን ይታከማል። ደረጃ ላይ መቆም ወይም መኪና ውስጥ ለመግባት ማመንታት፣ አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ መላስ፣ ሌሊት ያለ ሙቀት ማለክለክ፣ ወገብ ሲነካ ዞር ብሎ ማየት፣ ቀድሞ ታጋሽ የነበረ ውሻ ሲጠጉት ማጉረምረም፣ እነዚህ ሁሉ የሕመም ቋንቋ ናቸው። ሕመም ላይ ያለች ውሻ ዘንድ መርፌ የመሰለ የወተት ጥርስ ያላት ቡችላ ማምጣት ሁለቱንም መበደል ነው፤ አሮጊቷ ትነክሳለች፣ ቡችላዋም በሕይወቷ ሙሉ የማይለቃት የውሻ ፍርሃት ታተርፋለች። ቡችሎች ዓለምን የሚማሩበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው መካከል ስለሆነ በዚያ ወቅት የሚደርስባቸው ድንጋጤ ሥር ይሰድዳል።

ስለ ዕድሜ ስሌትም አንድ ነገር ልበል። የውሻ አንድ ዓመት የሰው ሰባት ዓመት ነው የሚባለው ልማዳዊ ስሌት ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሞ የወጣ፣ በላብራዶሮች ዘረመል ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ውሾች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ በፍጥነት ያረጃሉ፣ ከዚያም ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በዚያ ቀመር መሠረት የ12 ዓመት ላብራዶር የ70 ዓመት ሰው ያህል ነው። ዳማን እንደ አንዲት ጆሮዋ የከበደ፣ ጉልበቷን የሚያማት የ70 ዓመት እናት አድርገው ካሰቡ፣ አንድ ሕፃን ሌሊትና ቀን እግሯ ሥር እንዲሮጥ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል። የጆሮዋ ነገር በተለይ ያሳስበኛል። የማትሰማ ውሻ በተኛችበት በድንገት ስትነካ ደንግጣ ትነሣለች፣ ደንግጣ የምትነሣ ውሻም ሳታስበው ልትነክስ ትችላለች። ይህ የጠባይ ክፋት አይደለም።

ለማንኛውም ከመወሰንዎ በፊት ዳማንና መከታን ሙሉ ምርመራ ያስደርጉላቸው። የመገጣጠሚያ ምርመራው ከኤክስሬይ ጋር፣ የደም ምርመራው ደግሞ ኩላሊትና ጉበትን የሚያካትት ቢሆን መልካም ነው፤ ለብግነት የሚሰጡ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ ለመውሰድ የእነዚህ ሁለት አካላት ሁኔታ መታወቅ አለበት። እባክዎ በራስዎ ውሳኔ ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ አይስጡ። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ለድመት ገዳይ ነው። ዳማ ሌሊት የምትዞር፣ ግድግዳ ላይ የምታፈጥ፣ በምታውቀው በር በማጠፊያው በኩል ቆማ እስኪከፈት የምትጠብቅ ወይም ቤት ውስጥ መሽናት የጀመረች ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በአረጁ ውሾች አንጎል ላይ የሚደርስ የመርሳት ሕመም አለና፣ እንዲህ ባለ ውሻ ቤት ውስጥ የዕለቱ ሥርዓት ሲናወጥ ሕመሙ ይብሳል።

ቡችላ ይዞት የሚመጣውንም አይርሱ። የቡችላ ክትባት ከ6ኛው ወይም ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ በየጥቂት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል፤ ቡችሎች ብዙ ጊዜ የአንጀት ትል ይዘው ስለሚመጡ የቤቱ እንስሳት ሁሉ ክትባታቸውና የትል መድኃኒታቸው ያልተቋረጠ መሆን አለበት። ምግቡም ይለያያል። የቡችላ ምግብ ኃይልና ማዕድን የበዛበት ነው፤ ለሚወፍር ላብራዶር መገጣጠሚያ ጠላት ነው፣ ለደከመ ኩላሊትም አይሆንም። ሐር የምትበላው ፎስፈረሱ የተቀነሰ ምግብ ደግሞ ለሚያድግ ቡችላ አይበቃም። ሦስት ዓይነት ምግብ በሦስት ቦታ፣ በየቀኑ፣ ያለ ስሕተት ማቅረብ የሚችል ሰው ቤት ውስጥ አለ ወይ?

የዳማ አሳዳጊ (ጠያቂ)

ስለ ዝርዝሩና ስለ ቅንነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ለአምስት ቀን ማስታወሻ እየያዝኩ ዳማን ተከታተልኳት። ሳላየው የኖርኩትን ነገር ሳይ ደነገጥኩ። መከታ በጠባቡ መተላለፊያ በአጠገቧ ሲያልፍ ከንፈሯን ሳብ አድርጋ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ታጉረመርማለች። ቀኝ ጉልበቷን ማታ ማታ ለረጅም ጊዜ ትልሳለች፤ ፀጉሩ እዚያ ቦታ ላይ ቀለሙን ለውጧል። ሌሊትም ሁለት ጊዜ ተነሥታ ቦታ ትቀይራለች። ባለቤቴ «ይህን እኮ ከነገርኩህ ቆየ» አለችኝ፤ እውነቷን ነው።

ለምርመራ ቀጠሮ ይዣለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አልተፈታልኝም። የዳማ ሕመም በመድኃኒት ቢቀልና ቡችላዋን ብተዋት እንኳ፣ የመከታ ጉዳይ እንዳለ ነው። እርሱ 9 ዓመቱ ነው፤ እርሷ ስትሄድ ዕድሜው ለአዲስ ጓደኛ ያለፈበት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ሦስት ትውልድ

እኔ ከቀደሙት አስተያየቶች በከፊል እለያለሁ። ይህን ስል ግን የእኔና የእርስዎ ሁኔታ በአንድ ነገር እንደማይመሳሰል አስቀድሜ ልግለጽ።

በሕይወቴ ውሾችን ያሳደግሁት በተከታታይ ነው፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላው ይገባል። የመጀመሪያዋ ውሻዬ 8 ዓመት ሲሆናት ቡችላ አመጣን፤ ቡችላው 9 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሦስተኛው መጣ። በሁለቱም ጊዜ ትልቁ ውሻ ታናሹን አስተማረው። የት እንደሚሸና፣ ለማን እንደሚጮህና ለማን እንደማይጮህ፣ ሰው ሲበላ ራቅ ብሎ መተኛትን ሳይቀር ከእኛ ይልቅ ከትልቁ ነው የተማሩት። ቡችላ ያረጀን ውሻ ያድሳል የሚባለውም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ የእኔ የ8 ዓመቷ ውሻ ትታው የነበረውን ኳስ መልሳ ያነሣችው ቡችላው ከመጣ በኋላ ነበር። ልዩነቱ ያለው እርሷ በዚያን ጊዜ ጤነኛ መሆኗ ላይ ነው። መሮጥ የምትችል ነገር ግን የምትሮጥበት ምክንያት ያጣች ውሻ ቡችላ ሲመጣላት ትነቃለች። መሮጥ የማትችል ውሻ ግን ቡችላ የሚያሳያት የማትችለውን ነገር ነው።

ይህ ማለት በእርስዎ ቤት ለአዲስ መጪ ዝግጁ የሆነው መከታ ነው፤ ዳማ አይደለችም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁላችንም ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥረን መነጋገራችን ነው። ውሳኔው የዳማን ሰላም ካልነካ መከታ 9 ዓመቱ ስለሆነ አልፎበታል ብዬ አላምንም። በሌላ በኩል ጀርመን ሼፐርድ በአብዛኛው ከ9 እስከ 13 ዓመት የሚኖር ዝርያ ስለሆነ የሚጠብቅበት ጊዜ ብዙ እንዳልሆነም አልክድም።

ስለ ጾታም ልብ ይበሉ። በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ሴት ውሾች አንዴ ከተጣሉ ጠባቸው ከወንዶቹ ይልቅ የከረረና ለማስታረቅ የሚያስቸግር ይሆናል። ቡችላዋ ዓመት ገደማ ሲሞላት፣ ልክ ዳማ በምትደክምበት ወቅት፣ ቦታ መፈለግ ትጀምራለች። ከመከታ ጋር ሴት ማኖር ጥሩ ነው፤ ዳማ ባለችበት ግን ሴት ቡችላ አልመክርም። ሌላው ሰዎች የማይናገሩት ነገር ደግሞ የሐዘን ወቅት ነው። ዳማ ከሞተች በኋላ መከታ ለሳምንታት ምግብ ሊቀንስ፣ እርሷ የምትተኛበት ቦታ ላይ ሊተኛ፣ በር በር ሊያይ ይችላል። ያን ጊዜ ብዙ ሰዎች እርሱን ለማጽናናት ብለው በሳምንቱ ቡችላ ያመጣሉ። እባክዎ ያን አያድርጉ፤ ምግቡና እንቅልፉ እስኪመለስ ይጠብቁት። ሐዘን ላይ ያለ ውሻ ለመታገሥ የሚበቃ ጉልበት የለውም።

የድመት ወዳጅ

ስለ ሐር ማንም ብዙ ስላልተናገረ እኔ ልናገርላት። ውሾቹ ሲወዛገቡ ይታያል፣ ይሰማልም፤ የድመት ጭንቀት ግን ድምፅ የለውም፣ ትጠፋለች እንጂ። ኩላሊቷ የደከመ ድመት በብዛት መጠጣትና በብዛት መሽናት አለባት። ወደ ውኃዋ ወይም ወደ መጸዳጃ አሸዋዋ የሚወስደው መንገድ ላይ የሚያፈጥባትና የሚያሳድዳት ቡችላ ካለ መጠጣቷን ትቀንሳለች፣ ሽንቷንም ትይዛለች፤ ለእርሷ ይህ ከመጨነቅ አልፎ ሕይወቷን የሚያሳጥር ነገር ነው። ፈርታ ለሁለትና ለሦስት ቀን ምግብ የምታቆም ድመት ደግሞ ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለች። የ15 ዓመት ድመት ቀድሞ የምትዘልበት ቁም ሣጥን ላይ ስለማትደርስ «ከፍ ወዳለ ቦታ ትሸሻለች» የሚለው የተለመደ ምክር ለእርሷ አይሠራም። የትኛውንም ውሻ ቢያመጡ ውሻ የማይገባበት አንድ ሙሉ ክፍል፣ ውኃዋ፣ ምግቧና መጸዳጃዋ ያሉበት፣ የመስኮት ፀሐይ የሚደርስበት፣ ይስጧት። ያን ማድረግ ካልተቻለ ሌላውን ሁሉ ማሰብ አያስፈልግም።

ሙሉ ዕድሜ ውሻ ተቀባይ

የዳማን ሰላም ሳይነኩ የመከታን ብቸኝነት መከላከል ይቻላል ወይ ለሚለው እኔ የማውቀው መንገድ ቡችላ ሳይሆን ሙሉ ዕድሜ ያለው ውሻ መቀበል ነው። ከ4 እስከ 7 ዓመት ያለ፣ ከሌሎች ውሾችና ከድመት ጋር አብሮ የኖረ፣ ባለቤቱ በሆነ ምክንያት ሊያሳድገው ያልቻለ ውሻ ጠባዩ ተገልጦ ያለቀ ነው። ቡችላ ሲያመጡ የሚያመጡት ዝርያውን ነው፤ ምን ዓይነት ውሻ እንደሚሆን ገና አልታወቀም። ትልቅ ውሻ ሲያመጡ የሚያመጡት ያንኑ ውሻ ነው፤ በዝርያው ቦርደር ኮሊ ሆኖ በጠባዩ ግን የሥራ ጥማቱ የበረደለት ሊገኝም ይችላል።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የዝርያን ጸጥታ በተሳሳተ መንገድ ይለኩታል። ግሬይሀውንድ ለምሳሌ በሩጫው ቢታወቅም ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ፣ ላረጁ ውሾች የሚመች ውሻ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚሮጥ ትንሽ እንስሳ ለማሳደድ የተፈጠረ ስለሆነ ሐር ባለችበት ቤት ከድመት ጋር መኖሩ ካልተረጋገጠ በስተቀር አይሆንም። ቴሪየሮችም እንደዚሁ። ትንሽነትም ጸጥታ አይደለም። ክብደት ግን ይታሰብ፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ደስተኛ ወጣት ውሻ በፍቅር ቢገፋት እንኳ ዳማን ይጥላታል።

ማስተዋወቁን በተመለከተ በቤት ውስጥ፣ በበር ላይ በፍጹም አይጀምሩ። ለሁለቱም ባዕድ በሆነ ሰፊ ቦታ፣ ሁለት ሰዎች ሁለቱን ውሾች በላላ ገመድ ይዘው፣ ርቀት ጠብቀው በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን ይራመዱ፤ ርቀቱን የሚያጠቡት ሰዎቹ ሳይሆኑ የውሾቹ አካል መላላት ነው። መጀመሪያ መከታ ብቻ ይተዋወቅ። ዳማ መድኃኒቷን ወስዳ ሰውነቷ በተፍታታበት ሰዓት፣ ለአጭር ጊዜ፣ መከታ ከተረጋጋ በኋላ ትከተል። በቤት ውስጥ ምግብ፣ አጥንትና አሻንጉሊት ለብቻ ለብቻ ይሁን። ካጉረመረመች አይቆጧት፤ ማጉረምረም ጨዋ ማስጠንቀቂያ ነው፣ በቁጣ ያስጣሏት እንደሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሳታስጠነቅቅ ትነክሳለች። ውሻ ተቀባዮች ዘንድ የሚነገር አንድ ልማዳዊ መለኪያ አለ፤ አዲስ ውሻ ሦስት ቀን ይደነግጣል፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ይማራል፣ ሦስት ወር ሲሞላው ቤቴ ይላል ይባላል። እኔ ካየሁት አንጻር ለቤቱ ነባር እንስሳትም ይኸው መለኪያ ይሠራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በሚታየው ነገር ተስፋ አይቁረጡ፣ አይደሰቱም።

በእረኛ ውሻ የተማረ

በዚህ ምክር እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከመቀበልዎ በፊት የሙከራ ጊዜ ይጠይቁ፤ ውሻው የማይስማማ ከሆነ ያለ ቅሬታ የሚመለስበት ስምምነት ከመጀመሪያው በግልጽ ይቀመጥ። እኔ ያንን ስምምነት ስላልያዝኩ፣ ነገሩ እንዳልሆነ ባወቅሁበት ቀን ቡችላዋ የልጆቼ ሆና ነበር።

የዳማ አሳዳጊ (ጠያቂ)

እንደገና ሰላም ለሁላችሁም። ሦስቱ ሳምንታት ስላለቁ የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ።

ዳማ ተመርምራለች። በኤክስሬዩ ላይ ሁለቱም ዳሌዎቿና ቀኝ ጉልበቷ ክፉኛ ተጎድተው ታዩ፤ ሐኪሟም በዚህ ሁኔታ ይህን ያህል ጊዜ መቆየቷ እንዳስደነቃቸው ነገሩኝ። የደም ምርመራዋ ደህና ስለሆነ መድኃኒት ጀምራለች። በአሥረኛው ቀን ከመኝታዋ ሳታነክስ ተነሥታ እስከ በሩ ድረስ መጣች፤ መከታም በመተላለፊያው ሲያልፍ ዝም አለችው። በሚያንሸራትተው ወለል ላይ ምንጣፍ ዘርግተንላታል፣ መኝታዋንም ማንም በድንገት ከኋላዋ ሊመጣባት በማይችልበት ማዕዘን አድርገናል።

ለአራቢው ቡችላዋን እንደማልወስድ ነግሬያቸዋለሁ። ቀላል አልነበረም፤ ፎቶዋን አይቼ ስም እስከማውጣት ደርሼ ነበር። ልጄም አኩርፎ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ከዳማ አጠገብ ተቀምጦ የእረኛው ውሻ ባለቤት ስለ ውኃው የጻፉትን ሲያነብላት አገኘሁት፤ እንደማትሰማው ያውቃል።

መከታን በተመለከተ፣ ለጊዜው አብሮት የሚኖር ውሻ ከማምጣት ይልቅ ወዳጅ እየፈለግንለት ነው። አንዲት የምናውቃት የ6 ዓመት ሴት ውሻ አለች፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከባለቤቷ ጋር ጎን ለጎን እየተራመድን ነው። ባለፈው ጊዜ ርቀቱን የቀነሰው እርሱ ራሱ ነው። ባለቤቷ ሥራቸው ስለሚርቅ ለረጅም ጊዜ የሚጠብቅላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ እስካሁን ለእኛ ይሁን አላሉም፣ እኛም አልጠየቅንም። ለሐር የሚሆነውን ክፍል ግን ከወዲሁ ማዘጋጀት ጀምረናል፤ የመስኮቱ ፀሐይ እዚያም ይገባል።